የቤት ኢንተርኔትን ያለ አቅራቢው አፕ ማስገባት፦ በአሜሪካ ያሉ አራት አማራጮች ሲነጻጸሩ

በአሜሪካ አዲስ የቤት ኢንተርኔት ያዘዘ ሰው ከመሣሪያው ጋር የሚደርሰው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መሣሪያውን ኤሌክትሪክ ላይ ይሰኩ፣ የኩባንያውን አፕ በስልክዎ ላይ ይጫኑ፣ አካውንት ይክፈቱ፣ የቀረውን አፑ ይነግርዎታል የሚል ነው። አፑን መጫን የማይፈልግ፣ ስማርት ስልክ የሌለው ወይም ስልኩ አርጅቶ አፑን የማይቀበልለት ደንበኛ ምን ማድረግ እንዳለበት ወረቀቱ አይገልጽም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ነው።

ጉዳዩ በማኅበረሰባችን ዘንድ የራሱ መልክ አለው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትል ወይም በዳላስ በሚገኙ ብዙ ቤቶች የወላጆቹን መስመር የሚያስገባው እንግሊዝኛውንም ስልኩንም የሚያውቀው ልጅ ነው። አፑ በልጁ ስልክ ላይ ይጫናል፣ አካውንቱም በልጁ ኢሜይል ይከፈታል። ልጁ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እናትና አባት የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለመቀየር እንኳ እሱ እስኪመቸው መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። በየወሩ የሚከፍሉበትን መስመር ራሳቸው ማዘዝ አለመቻላቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ግዴታ የሚመስል ሶፍትዌር በአፕ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በስልክ ሽቦ የሚመጣውን የዲኤስኤል መስመር ያስገባ ደንበኛ ከሞደሙ (ከውጭ የሚመጣውን መስመር ከሚቀበለው መሣሪያ) ጋር ሲዲ ይላክለት ነበር። የሲዲው ዋና ሥራ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሞደሙ ውስጥ ማስገባት ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የብሮውዘር ቱልባርና ሌሎች ያልተጠየቁ ፕሮግራሞችን አብሮ ይጭን ነበር። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ደውለው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ተቀብለው ሲዲውን ሳይነኩት መስመራቸውን ያስጀምሩ ነበር። መንገዱ ዛሬም ያው ነው፤ አፑ የሚያስተላልፈው መረጃ ምን እንደሆነ ማወቅና ያንኑ መረጃ በሌላ በር ማድረስ ነው።

አስቀድሞ መለየት ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች

«የኩባንያውን ሶፍትዌር አልፈልግም» የሚል ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ወይም ሁሉንም ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ በስልኬ ላይ አፕ መጫን አልፈልግም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የዋይፋዬን ስም፣ የይለፍ ቃልና ሌላውን ቅንብር ከኩባንያው አካውንት ውጭ እኔው ራሴ ልምራው ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የኩባንያው መሣሪያ በቤቴ ውስጥ አይኑር ማለት ነው። ሦስቱ በዋጋም በድካምም እጅግ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ብቻ የሚያሳስበው ሰው ሦስተኛውን ለማግኘት ሦስት መቶ ዶላር ማውጣት የለበትም፤ ሁለተኛውን የፈለገ ሰው ደግሞ አፑን ከስልኩ ስላጠፋ ብቻ ያሰበውን አላገኘም። ስለዚህ ወደ አማራጮቹ ከመግባትዎ በፊት የሚያሳስብዎ የትኛው እንደሆነ ይወስኑ።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምንመዝነው በአምስት ነገሮች ነው። መስመሩን ያለ አፕ ማስጀመር ይቻላል ወይ? ከተጀመረ በኋላስ ቅንብሩን መቀየር የሚቻለው ከየት ነው? ስለ ቤቱ አጠቃቀም ወደ ኩባንያው የሚሄደው መረጃ ይቀንሳል ወይ? በመነሻና በየወሩ ምን ያህል ያስወጣል? መስመሩ ሲቋረጥ ኃላፊነቱ የማን ነው? የመጨረሻው መመዘኛ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሆኖም በየቀኑ ከቤት የሚሠራ ወይም በኢንተርኔት የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ከሁሉም አስቀድሞ ሊያየው የሚገባ ነው።

ስለ ግል መረጃ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2017 የብሮድባንድ አቅራቢዎችን የሚመለከተውን የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ሽሮታል፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2021 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ስድስት ትልልቅ አቅራቢዎችን መርምሮ ሰፊ መረጃ እንደሚሰበስቡ አሳይቷል። አፑን መተው ከስልክዎ የሚሄደውን መረጃ፣ ለምሳሌ ያሉበትን ቦታ፣ ይቀንሳል። የራስ ራውተር (ዋይፋዩን የሚያከፋፍለውን መሣሪያ) መጠቀም በቤት ውስጥ ስንት መሣሪያ እንዳለና ስማቸው ማን እንደሆነ ከኩባንያው ዓይን ያርቃል። ነገር ግን በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን የሚያስተላልፈው ኩባንያው ራሱ ስለሆነ፣ ከየትኞቹ አድራሻዎች ጋር እንደሚገናኙ ማየቱ አይቀርም። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው መፍትሔውን ከራውተር ሳይሆን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

አንደኛው አማራጭ፦ አፑን ለማስጀመሪያ ብቻ መጠቀም

አፑን ጭኖ፣ መስመሩ ከተጀመረ በኋላ ማጥፋት ነው። ሲም የሌለው አሮጌ ስልክ በቤት ውስጥ ካለ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ አፑ የቦታ መረጃ ሲጠይቅ መከልከል ይቻላል፤ ካሜራና ብሉቱዝ ግን በመሣሪያው ላይ ያለውን ኮድ ለማንበብና ከመሣሪያው ጋር ለመገናኘት ለጊዜው ሊያስፈልጉት ይችላሉ። ወጪ የለውም፣ ፈጣንም ነው።

ድክመቱ ሥራው ለአንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። አካውንቱ አይጠፋም፤ መሣሪያው ከአካውንቱ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል፤ የይለፍ ቃል መቀየር ወይም መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ባስፈለገ ቁጥር አፑ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ቤት ለጥቂት ወራት ለተከራየ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን አማራጭ አልመክርም።

ሁለተኛው አማራጭ፦ የኩባንያውን መሣሪያ ያለ አፕ ማስጀመር

ለዚህ ሦስት በሮች አሉ፤ የኩባንያው ድረ ገጽ፣ የስልክ ጥሪና ቤት የሚመጣ ቴክኒሻን። አፑ ወደ ኩባንያው የሚልከው ነገር ሲጠቃለል፣ የትኛው መሣሪያ በየትኛው አካውንት ስር እንደተሰካ የሚገልጽ መልእክት ነው። ይህ መልእክት በመሣሪያው ጀርባ ወይም ግርጌ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። የኬብል ሞደም ሲሆን ከወረቀቱ ላይ የሚፈለገው የኬብል ሞደሙ ማክ አድራሻ፣ ማለትም የመሣሪያው መለያ፣ ነው፤ አሥራ ሁለት ቁጥሮችና ፊደሎች ናቸው፣ ፊደሎቹም በእንግሊዝኛ ከኤ እስከ ኤፍ ካሉት አይወጡም። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለትና ሦስት ማክ አድራሻዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ትክክለኛውን መለየት ያስፈልጋል፤ የዋይፋዩን ማክ ለተወካዩ ያነበበ ሰው መስመሩ ሳይነሳለት ቀኑን ሙሉ ሊደክም ይችላል። ከመደወልዎ በፊት ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንሡ፣ አጉልተውም አንብቡ፤ ዜሮን ከስምንትና ከቢ መለየት በደቃቃው ጽሑፍ ላይ ያስቸግራል።

ሲደውሉ ስማርት ስልክ እንደሌለ ወይም አፑን መጠቀም እንደማይቻል በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ይህን ሳይሰማ የጀመረ ተወካይ የመጀመሪያ መልሱ «አፑን ይክፈቱ» የሚል መሆኑ አይቀርም። በስልክ አልሆን ካለ ቴክኒሻን እንዲላክ ይጠይቁ፤ ይህ የአገልግሎት ክፍያ ሊያስከትል ስለሚችል ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ።

መስመሩ ከተነሳ በኋላ ቅንብሩን ከኮምፒውተር ብሮውዘር ማግኘት በብዙ መሣሪያዎች ይቻላል። በኤክስፊኒቲ (የኮምካስት የኬብል ኢንተርኔት) መሣሪያዎች ገጹ የሚከፈተው 10.0.0.1 በሚለው አድራሻ ነው፤ በኤቲ ኤንድ ቲ 192.168.1.254፣ በቲ ሞባይል የቤት ኢንተርኔት ደግሞ 192.168.12.1 ነው። ሆኖም ገጹ ሁሉንም ነገር አይፈቅድም። በኤክስፊኒቲና ሌላው የኬብል አቅራቢ በሆነው በኮክስ የኪራይ መሣሪያዎች ፖርት (ከውጭ ወደ ቤት መሣሪያ የሚያስገባ በር) መክፈት ወደ አፑ ተዛውሯል፤ በኤክስፊኒቲና በኤቲ ኤንድ ቲ መሣሪያዎች ላይ የዲኤንኤስን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) አድራሻ መቀየርም አይቻልም። የልጆችን አጠቃቀም በራሱ የዲኤንኤስ ማጣሪያ ለመቆጣጠር ያሰበ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚህም ሌላ አቅራቢዎች መሣሪያዎቻቸውን ከርቀት የሚመሩበት ሥርዓት ስላላቸው፣ አፑ በስልክዎ ላይ አለመኖሩ የመሣሪያውን አዛዥ አይለውጠውም።

ሦስተኛው አማራጭ፦ የኩባንያውን መሣሪያ ማስተላለፊያ ብቻ አድርጎ የራስን ራውተር መጠቀም

የኩባንያው መሣሪያ በአብዛኛው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ይቀበላል፣ በቤት ውስጥም ዋይፋዩን ያከፋፍላል። ብሪጅ ሞድ የሚባለው ቅንብር ሁለተኛውን ሥራ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ዋይፋይ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ዲኤንኤሱና ፖርቱ ሁሉ በእርስዎ ራውተር ውስጥ ይሆናል።

አሠራሩ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን በገመድ ከኩባንያው መሣሪያ ጋር ያገናኙና ገጹን ከፍተው ብሪጅ ሞድን ያብሩ። ሁለቱንም መሣሪያዎች ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። ከኩባንያው መሣሪያ ወደ ራውተርዎ የኢንተርኔት መግቢያ ገመድ ይሰኩ፤ ይህ መግቢያ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ የተለየ ቀለም አለው። መጀመሪያ የኩባንያውን መሣሪያ አብርተው መብራቱ ረግቶ እስኪቆም ይጠብቁ፣ ቀጥሎም ራውተሩን ያብሩ። መንቀሉ የሚያስፈልገው የኬብል ሞደም በመጀመሪያ ያገኘውን መሣሪያ ስለሚያስታውስና እንደገና ተነሥቶ ካልጀመረ ለአዲሱ ራውተር አድራሻ ላይሰጥ ስለሚችል ነው። «ራውተሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

ይህ አማራጭ ኪራዩን አያስቀርም፤ መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ከተመለሰም ብሪጅ ሞዱ ይጠፋል። ነገር ግን መስመሩ ሲቋረጥ ኩባንያው «ሞደሙ የእኛ አይደለም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። በእኔ እምነት ለአብዛኛው ቤተሰብ ትክክለኛው ሚዛን እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ኪራዩ በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ በተካተተበት ጊዜ።

አራተኛው አማራጭ፦ ሞደሙንም ራውተሩንም የራስ ማድረግ

ይህ በተሟላ መልኩ የሚቻለው በኬብል መስመር ላይ ነው። ሞደሙ ከኩባንያው የተፈቀዱ ሞደሞች ዝርዝር ውስጥ መሆኑን፣ እንዲሁም ዶክሲስ 3.1 የሚባለውን ደረጃ የሚያሟላ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዶክሲስ 3.0 ለዝቅተኛ ፍጥነት ቢበቃም ለጊጋቢት ጥቅል አይመከርም። በአሮጌ ሞደሞች ውስጥ የነበረው የኢንቴል ፑማ 6 ቺፕ ከ2016 ጀምሮ የመዘግየት ችግር እንዳለበት ስለታወቀ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው የቺፑን ዓይነት ሳያይ አይግዛ። ያገለገለ ሞደም ሌላም አደጋ አለው፤ በቀድሞው ባለቤት አካውንት ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሲከፋ ለኩባንያው ሳይመለስ የቀረ የኪራይ ዕቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የኬብል ቤት ስልክ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ተራ ሞደም እንደማይበቃቸው፣ የስልክ መሰኪያ ያለው ዓይነት እንደሚያስፈልጋቸው ያስታውሱ።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ኪራዩ በወር 15 ዶላር ከሆነ በዓመት 180 ዶላር ይመጣል። ሞደሙ 170፣ ራውተሩ 100 ዶላር ቢወስድ፣ ወጪው የሚመለሰው በአሥራ ስምንት ወር ነው። ከዚያ በፊት ቤት ወይም አቅራቢ የሚቀይር ሰው አይጠቀምም፤ ሦስት ዓመት የሚቆይ ሰው ግን 270 ዶላር ያተርፋል። ኪራይ በጥቅሉ ውስጥ ከተካተተ ወይም ሞደሙ በነፃ ከተሰጠ ይህ ሒሳብ አይሠራም።

ደግሞም የራስ የኬብል ሞደም ፍጹም ነፃነት አይሰጥም። የሞደሙ ውስጣዊ ሶፍትዌር የሚታደሰው በኬብል ኩባንያው በኩል ነው፤ ባለቤቱ እንደ ራውተሩ በራሱ ሊያድሰው አይችልም። በእጅዎ የሚገባው ከሞደሙ ወዲህ ያለው ሁሉ ነው።

አቅራቢዎቹ በምን ይለያያሉ?

ከላይ ያሉት አማራጮች በሁሉም ኩባንያ ዘንድ እኩል አይገኙም። ልዩነቱ ከውሉ በፊት መታወቅ ስላለበት በየኩባንያው ማየት ይገባል።

ቬራይዘን ፋዮስ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የተመቸ ነው። የፋይበሩን ብርሃን ወደ ኢንተርኔት የሚቀይረው መሣሪያ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ከእሱ በሚወጣው የኤተርኔት ገመድ ላይ የራስን ራውተር በቀጥታ መሰካት ይቻላል፤ የተጠቃሚ ስምም የይለፍ ቃልም አይጠየቅም። በአሮጌ ቤቶች መስመሩ በቴሌቪዥን ገመድ የሚገባ ከሆነ ደውሎ ወደ ኤተርኔት መሰኪያው እንዲዛወር ማድረግ ያስፈልጋል። የቀድሞው ራውተር የያዘውን የአይፒ አድራሻ ሳይለቅ ከተነቀለ አዲሱ ለጥቂት ጊዜ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ከመንቀልዎ በፊት ከገጹ ላይ አድራሻውን እንዲለቅ ያድርጉ። የፋዮስ ቴሌቪዥን ያላቸው ግን ማሳያ ሳጥኖቹ የኩባንያውን ራውተር ሊፈልጉ እንደሚችሉ ማወቅ አለባቸው።

የኬብል አቅራቢው ስፔክትረም ሞደሙን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል፤ ራውተሩ ግን የተለየ ነው። አዲሶቹ የስፔክትረም ራውተሮች የብሮውዘር ገጽ የላቸውም፣ የሚመሩትም በኩባንያው አፕ ብቻ ነው። ስለዚህ በስፔክትረም ሁለተኛው አማራጭ እጅግ ደካማ ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ሞደሙን ብቻ ተቀብሎ ራውተሩን አለመውሰድ፣ በምትኩም የራስን መግዛት።

ኤክስፊኒቲ የራስን ሞደም ይቀበላል፣ የኪራይ መሣሪያውም ብሪጅ ሞድ አለው። የኪራይ መሣሪያውን እንዳለ የሚጠቀም ሰው ግን «ኤክስፊኒቲዋይፋይ» የሚል ስም ያለው ለሌሎች ደንበኞች የተከፈተ ዋይፋይ ከቤቱ ሊሠራጭ እንደሚችል ይወቅ፤ ይህንን ከአካውንቱ ገጽ መዝጋት ይቻላል። በዝቅተኛ ገቢ ላሉ ቤተሰቦች በሚሰጠው ኢንተርኔት ኢሴንሻልስ በተባለው ጥቅል መሣሪያው በዋጋው ውስጥ ስለተካተተ፣ በዚህ ጥቅል ላይ ያለ ሰው ሞደም መግዛት አያስፈልገውም፤ ሦስተኛው አማራጭ ይበቃዋል።

ኤቲ ኤንድ ቲ ፋይበር ከሁሉም ጥብቅ ነው። መስመሩ የሚነሣው በኩባንያው መሣሪያ ውስጥ በተቀመጠ ዲጂታል ሰርተፍኬት ስለሆነ፣ መሣሪያውን አንሥቶ የራስን ራውተር በቀጥታ መሰካት በመደበኛ መንገድ አይቻልም። የተፈቀደው መንገድ አይፒ ፓስስሩ የሚባለው፣ የውጭ አድራሻውን ለእርስዎ ራውተር የሚያስተላልፈው ቅንብር ነው። በመሣሪያው ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው የመግቢያ ኮድ ከብሮውዘር ይከፈታል፣ አፕም አያስፈልገውም። ከብሪጅ ሞድ የሚለየው መሣሪያው የግንኙነቶቹን መዝገብ ራሱ መያዙን የሚቀጥል መሆኑ ነው፤ ለተራ ቤተሰብ ልዩነቱ አይታይም።

ቲ ሞባይል የቤት ኢንተርኔት በተቃራኒው ለመጀመር ቀላል፣ ለመምራት አስቸጋሪ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎቹ ከተሰኩ በኋላ በተለጠፈው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ይሠራሉ፤ ስሙን ለመቀየር ግን ኩባንያው ወደ አፑ ይመራል፤ ብሪጅ ሞድም የለውም። የራስን ራውተር ከኋላው መሰካት ይቻላል፣ ሆኖም ሁለት ራውተር ተደራርቦ ይሠራል፤ ኩባንያው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያካፍልም ከውጭ ሆኖ የቤት ካሜራን ወይም ኮምፒውተርን በቀጥታ ማግኘት አይቻልም።

በሲያትል፣ በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ በሴንቸሪሊንክ ስም የተዘረጋው ፋይበር ከሲዲው ዘመን የቀረውን መንገድ ጠብቆ ቆይቷል። በብዙ ቤቶች መስመሩ የሚነሣው ፒፒፒኦኢ በሚባለው ዘዴ ነው፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከድጋፍ ክፍሉ ተቀብሎ፣ በራውተሩ ውስጥ ቪላን የሚባለውን የመስመር መለያ ቁጥር 201 አድርጎ ማስገባት ብቻ ይበቃል።

ራውተር ሲገዙ ሌላ አፕ እንዳይገዙ

የአቅራቢውን አፕ ሸሽቶ ሌላ አፕ የሚያስገድድ ራውተር መግዛት ከንቱ ድካም ነው። ከ2019 ጀምሮ በአማዞን ስር ያለው ኢሮ የተባለው ራውተር ያለ አፕና ያለ አካውንት አይነሣም። የጉግል ኔስት ዋይፋይ የጉግል ሆም አፕን ይፈልጋል፤ የቲፒ ሊንክ ዴኮም ለማስጀመር አፕ ይጠይቃል። በሌላ በኩል የቲፒ ሊንክ አርቸርና የአሱስ ራውተሮች በብሮውዘር ብቻ ይዘጋጃሉ፤ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ደግሞ ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ እጅ ይሆናል፣ ግን ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ አፑ እንጂ ስለ ብሮውዘሩ ስለማይናገር፣ ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን የተጠቃሚ መመሪያ ከኢንተርኔት አውርደው በብሮውዘር የማዘጋጀት ክፍል ያለው መሆኑን ይመልከቱ።

ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | አፕ | ቅንብሩን የሚመራው | የመነሻ ወጪ | ኪራይ | ሲቋረጥ ኃላፊው |
|---|---|---|---|---|---|
| አፑን ለማስጀመሪያ ብቻ | ለአንድ ጊዜ፣ ሊደገም ይችላል | አቅራቢው | የለም | አይቀርም | አቅራቢው |
| የአቅራቢው መሣሪያ ያለ አፕ | አያስፈልግም፤ በስፔክትረምና በቲ ሞባይል ግን ቅንብር ለመቀየር ያስፈልጋል | በከፊል ደንበኛው | የለም ወይም የቴክኒሻን ክፍያ | አይቀርም | አቅራቢው |
| የአቅራቢው መሣሪያና የራስ ራውተር | አያስፈልግም | ደንበኛው | የራውተር ዋጋ | የሞደሙ አይቀርም | እስከ ሞደሙ አቅራቢው |
| የራስ ሞደምና ራውተር | አያስፈልግም | ደንበኛው | የሁለቱም ዋጋ | ይቀራል | ከመስመሩ ወዲህ ደንበኛው |

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ስማርት ስልክ ለማይጠቀሙ ወላጆች ሁለተኛውን አማራጭ ከቴክኒሻን ጋር እመክራለሁ። አካውንቱ በእነሱ ስም ይከፈት፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ የመሣሪያው ገጽ አድራሻና የመግቢያ ኮዱ በአማርኛ በወረቀት ተጽፎ ከመሣሪያው አጠገብ ይለጠፍ። ማንም የሚያግዛቸው ሰው፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ ከዚያ ወረቀት ተነሥቶ ሊሠራ ይችላል።

ከቤት የሚሠራና መቋረጥን የማይታገሥ ሰው ሦስተኛውን ይምረጥ። በስፔክትረም ወይም በፋዮስ ላይ ካለ ጥያቄው ቀድሞ ተፈትቷል፤ የሚያስፈልገው አንድ ደህና ራውተር ነው።

በኬብል መስመር ላይ ያለ፣ ኪራይ ለብቻው የሚከፍልና በዚያው ቤት ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቆይ ቤተሰብ አራተኛውን ቢወስድ ገንዘቡም ነፃነቱም አብረው ይመጡለታል። ቤት ሠርተው የሚያከራዩ፣ ወይም በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለትና ሦስት ቤተሰብ የሚኖርባቸው ሰዎችም የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻ መክፈትና ፍጥነቱን ማካፈል ስለሚፈልጉ ከሦስተኛው በታች መውረድ የለባቸውም።

ከውሉ በፊት የሚጠየቀው

ሕጉ በተወሰነ ደረጃ ከደንበኛው ጎን ነው። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ሕግ፣ ደንበኛው በራሱ መሣሪያ እየተጠቀመ ሳለ አቅራቢው የመሣሪያ ኪራይ እንዳያስከፍለው ይከለክላል። ይህ ሕግ ግን ኩባንያው የእርስዎን ሞደም የግድ እንዲቀበል አያደርገውም፤ ለዚህ ነው የኤቲ ኤንድ ቲ መሣሪያ ከቤት የማይወጣው። በጀርመን ከነሐሴ 2016 ጀምሮ አቅራቢዎች ራውተር ማስገደድ ተከልክለዋል፣ የመግቢያ መረጃውንም ለደንበኛው የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ በዚያ የሚኖር አንባቢ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በመብቱ ሊጠይቅ ይችላል።

በአሜሪካ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ አቅራቢዎች ወርሃዊውን ዋጋ፣ ተጨማሪ ክፍያዎችን፣ ፍጥነቱንና የዳታ ገደቡን የሚያሳይ አንድ ወጥ ሠንጠረዥ በሽያጭ ቦታ ላይ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ከመፈረምዎ በፊት ይህን ሠንጠረዥ አንብበው አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ መስመሩን ያለ አፕ ማስጀመር እችላለሁ ወይ? በራሴ ሞደም ወይም ራውተር መጠቀም እችላለሁ ወይ? የእናንተን መሣሪያ ባልወስድ ከዋጋው ምን ይቀነሳል? ብሪጅ ሞድን ከብሮውዘር ማብራት ይቻላል ወይ? መልሱን በጽሑፍ፣ በድረ ገጹ የጽሑፍ መነጋገሪያ በኩል ቢቀበሉትና ኮፒውን ቢያስቀምጡት ይመረጣል። በቃል የተነገረ ተስፋ ሒሳቡ በመጣ ጊዜ ማስረጃ አይሆንም።

ቀድሞ የኪራይ መሣሪያ ያለው ሰው ወደ ራሱ ሲዛወር አሮጌውን በእጁ ማቆየት የለበትም። ከኃይል ገመዱ ጋር ወደ ኩባንያው ሱቅ ወስዶ ያስረክብ ወይም በተላከለት መላኪያ ይመልሰው፤ የመሣሪያው መለያ ቁጥር የተጻፈበትን ደረሰኝ ሳይቀበል ከሱቁ አይውጣ። ያልተመለሰ መሣሪያ ክፍያ ከወራት በኋላ በሒሳብ ላይ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወርሃዊ ሒሳቦች መስመር በመስመር ማየትና ኪራዩ መነሣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።